ሳቄን መልሱልኝ

እሑድ፣ ኅዳር 8 ቀን 1989። ከቀኑ 9 ሰዓት።

ዛሬም ጉልበቴ። ሐይቁን ግማሹን ብቻ ዞርኩ። ዝይዎቹ መንገድ አይለቁም፤ ኦክላንድን በውርስ ያገኙ ይመስላሉ። አንዷን በከዘራዬ ጫፍ "እትዬ፣ ይለፉኝ?" ብላት እንደ እባብ ነፋችብኝ። ከቤ/ክ መልስ ምሳ፤ ሁለት ጊዜ አነሣሁ፣ ጽጌ አላየችም። (አይታለች።)

ብሩክ መጣ። የልጄ የጽጌ ልጅ። በሰባት ዓመቱ አሜሪካ ይዘነው የመጣነው፣ ዛሬ ሃያ ሦስት የሞላው። ሳን ሆዜ፣ የኮምፒዩተር ጌም የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ የድምፅ ሰው ነው። በር ሲጢጥ ሲል፣ ውሃ ሲንጠባጠብ፣ ጎራዴ ሲፋጭ የሚቀዳው እሱ ነው። ጎራዴው የእናቱ ቢላና የድስት ክዳን መሆኑን ጽጌ እስከ ዛሬ አታውቅም። አንቺም አትናገሪ፣ ደብተሬ።

ዛሬ የፈለገው ሳቄን። ማይክራፎኑን አፌ ሥር ደቀነ። ላፍ፣ አባባ፣ ጀስት ላፍ ይለኛል። በትእዛዝ ይሳቃል? ሳል ብቻ መጣ። ስለዚህ የናዝሬቱን ልብስ ሰፊ አወጣሁለት፤ ይህ ታሪክ ከድቶኝ አያውቅም። ባቡር ጣቢያ ትኬት ስቆርጥ በመስኮቴ ፊት የሚያልፈው ሰውዬ፣ ዳሌው ወዲህ፣ ጃንጥላው ወዲያ፣ መሬቱን እንዳያሳምም የሚረግጠው። ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ፦ እሜቴ ቀስታ። በሳምንቱ ከተማው በሙሉ በዚያ ጠራው። ታሪኩን ሳልጨርስ ሳቁ መጣልኝ። ትልቁ፣ ከሆድ ተነሥቶ በፉጨት የሚያልቀው። እንባዬን ጠረግሁ።

ብሩክ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደና የሰውየውን ስም ጠየቀኝ። እሜቴ ቀስታ አልኩህ እኮ። ኖ፣ የራሱን ስም፣ አለ። ምን አውቄ። ልጁ ነገር ማበላሸት ይወዳል።

ፈርሙልኝ ብሎ ወረቀት ሰጠኝ። ድምፄን ጌሙ ውስጥ እንዲያስገቡ መፍቀዴ ነው አለ። መነጽሬን አጣሁት። ወረቀቱን አንቺ ውስጥ ሰካሁት፤ ለዕልባት ይሆንሻል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19። ምሽት 1 ሰዓት።

ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል። ጽጌ በነቢያት ጾም ተርኪ፣ ያን ትልቅ የፈረንጅ ዶሮ፣ ጠበሰች። ለእንግዳ ነው ትላለች። እንግዳው ጓደኛዬ መኮንን ነው፤ ከኮንኮርድ ሲመጣ ጾሙን መንገድ ላይ ጥሎት መጣ። እኔ ምስር። ተርኪውን በዐይኔ ብቻ በላሁ።

ብሩክ ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ገባ። ጌሙን አሳየን። ወደብ፣ መርከብ፣ መጠጥ ቤት። ሥዕሉ እንዴት ያምራል! በር ይከፈታል። ሐር የለበሰ፣ ከንፈሩን የቀባ፣ ማራገቢያ የያዘ ሰውዬ እየተውረገረገ ይገባል። ቁልፏን ሲጫኗት ከመጠጥ ቤቱ አንድ ሳቅ ይወጣል... የእኔ! ከሆዱ እስከ ፉጨቱ! በሰባ አራት ዓመቴ ተዋናይ ሆንኩ።

ታዲያ ዝም እላለሁ? ከዘራዬን እንደ ማራገቢያ ይዤ ተነሣሁ። ከሶፋው እስከ ፍሪጁ ተውረገረግሁላቸው። እሜቴ ቀስታ አሜሪካ ገቡ፣ አልኩ። መኮንን ከወንበሩ ወረደ፤ ይበቃል፣ ልሞት ነው እያለ መሬቱን ይደበድባል። ያ በሽተኛ ጉልበቴ እንኳ ታዘዘልኝ።

ብሩክ ድምፁን ቀነሰ። ጽጌ ሳህን ማንሣት ጀመረች፣ ያልተበላበትንም ጭምር። ልጁ መንገዱ ሳይጨናነቅ ልውጣ ብሎ ተነሣ። በበዓል ማታ ምን መጨናነቅ አለ? ዱባ ፓዩን አልቀመሰም፣ ከልጅነቱ የሚወደውን። በር ላይ፣ ወረቀቱን ፈረሙት ወይ አለኝ። ነገ አልኩት።

ቢሆንም ጥሩ ቀን ነበር። ተዋጣልኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1። ጠዋት።

ብሩክ አልደወለም። ሁለት እሑድ ቀረ። ስልኩ መልእክት መቀበያ ላይ ሦስት ጊዜ ተናገርኩ፣ ያን የጌሙን ሰውዬ ሆኜ፣ እየተሞላቀቅሁ፦ ኮል አድርግልኝ የኔ ጌታ፣ ማራገቢያዬ ጠፋችብኝ። ሦስተኛው ከሁሉም ያምር ነበር፤ ቅዳ ቢባል መቀዳት የነበረበት እሱ።

እሑድ ቤ/ክ አዳራሽ ውስጥም አካሄዱን አሳየሁ፣ በመኮንን ጥያቄ። አንድ ሁለት ጊዜ። ደጋግሙ አሉኝ፣ ምን ላድርግ።

ሥራ በዝቶበት ነው። ጌሙ ሊያልቅ ነው አሉ።

ሥራ ነው እንጂ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት።



ጽጌ ከሥራ መጣች። መኪናውን አቆመችና አልወረደችም። በመስኮት እያየሁ ጠበቅሁ። ስትቆይብኝ ወጣሁ፣ መስታወቱን አንኳኳሁ። ይግቡ አባዬ አለች። ገብቼ ተቀመጥኩ። ወዴት ልትወስጂኝ ነው ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም።

ብሩክ መልእክቶቹን አሰምቷታል። ሦስቱንም።

ከዚያ ነገረችኝ። ጌይ ነው አለች። በእንግሊዝኛ ነው የነገረችኝ፤ በአማርኛ የምናውቀው ቃል ሁሉ ስድብ ስለሆነ ይመስለኛል። እሷ ካወቀች አራት ዓመቷ። አራት ዓመት በአንድ ገበታ!

መጀመሪያ ያልኩትን አልጽፈውም። አንቺም ብትሆኚ ታፍሪብኛለሽ። ቀጥዬ፣ ለምን ከእኔ ተደበቀ፣ እቆጣለሁ ብሎ ነው ወይ አልኳት።

"ቁጣዎን አይደለም የፈራው፣ አባዬ። ይስቃሉ ብሎ ነው።"

ከመኪናው ለመውረድ በሩን ማግኘት አቃተኝ። እሷ ከፈተችልኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4።

ሐይቅ አልሄድኩም።

ገባኝ ብዬ አልዋሽሽም። ሰባ አራት ዓመት የሰማሁትን በአንድ ከሰዓት መኪና ውስጥ አልረሳውም። ከንስሐ አባቴ ጋር የምነጋገረው ይኖረኛል፤ የሚሉኝንም አላውቅም። ግን የልጁ ፊት አልሄድልህ አለኝ። ከሶፋው ስነሣ ያየኝ አስተያየት። ሊመታ የመጣን ሰው ነው እንደዚያ የሚያዩት።

የልብስ ሰፊው ታሪክ ቀሪ አለው። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ አያስቅማ። የሠርግ ልብሴን የሰፋልኝ እሱ ነበር። ስም ካወጣሁለት በኋላ ልጆች እየተከተሉ ይጮኹበት ጀመር። ወንዶች እሱ ዘንድ ለመለካት አፈሩ። ደንበኛው አንድ በአንድ ቀረ። በሁለተኛው ዓመት የስፌት መኪናውን በጋሪ አስጭኖ ጣቢያ መጣ። ትኬቱን የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። ድሬዳዋ፣ መሄጃ ብቻ። ኮቱን ለብሼው ነበር። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን አየና፣ በደንብ ገጥሞዎታል አለኝ።

ጓደኞቼ ከኋላዬ ቆመዋል።

ሳቅሁ። ያችኑ ሳቅ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8። ምሽት 12 ሰዓት።

ሳን ሆዜ ደርሼ መጣሁ። ብቻዬን! ባቡሩ ፍሪሞንት ላይ ያበቃል፣ ከዚያ አውቶቡስ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። የመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ያ ያልፈረምኩት ወረቀት ላይ ነበር፤ በመንገድ ላይ በመነጽሬ ጥንቅቅ አድርጌ አነበብኩት። ጽጌ ሐይቅ ዳር ነኝ ብላ ታስባለች።

በር ላይ ያለችው ልጅ ማን መጣ ልበል አለችኝ። ሳቁ መጣ በይው አልኳት። አልገባትም፤ እሱ ግን ወጣ። ከስቷል። መኪና ማቆሚያው ጠርዝ ላይ ተቀመጥን፣ ኮቱን አነጠፈልኝ። ይቅርታ ከየት እንደሚጀመር አላውቅም፤ ሰው ሳበሽቅ ነው የኖርኩት።

"ሳቄን መልሱልኝ፣" አልኩት።

"ዋት?"

"ሳቄን ነዋ። ከዚያ ሰውዬ ላይ አንሡልኝ። መልእክቶቹንም አጥፋቸው። እናትህ ነግራኛለች።"

መኪና ይገባል፣ መኪና ይወጣል። ከዚያ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ አወራልኝ። ሰውየው ከመጀመሪያው እንደዚያ አልነበረም። ብሩክና የጌሙን ታሪክ የምትጽፍ ልጅ ሲያስቡት ካፒቴን ነበር። ሚስት ነበረችው፤ ሞተችበት። ኋላ ደግሞ የመርከብ ሐኪም ወደደ፣ ወንድ። መጠጥ ቤቱ የሚገባው የሐኪሙ መርከብ ደርሶ እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። አለቆቹ ይህን ማን ይገዛናል አሉ። ሐር አለበሱት፣ ከንፈሩን ቀቡት፣ ንግግሩን ሰረዙ፣ ስሙንም ሰረዙ። የእኔን ሳቅ ብሩክ የቀዳው ለመጠጥ ቤቱ ባለቤት ነበር፣ እንግዳ ሲቀበል እንዲስቅ። አለቃው ሰማና እዚህ ላይ አድርገው አለው።

"አይ ዲድ ኢት፣ አባባ። ቆርጬ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ኖ ማለት እችል ነበር።"

"እኔም ነኝ፣" አልኩት። "አንተ አንድ ጊዜ ለጠፍከው። እኔ አርባ ዓመት ሰው ሳስቅበት ኖርኩ።"

የልብስ ሰፊውን ቀሪ ነገርኩት። ትኬቱን፣ ኮቱን። አቀርቅሮ ሰማኝ። ከዚያ ወረቀቱን አወጣሁ። ፊርማ ከሌለበት ሳቁ ከጌሙ መውጣት አለበት፣ ደንባቸው ነው፤ ራሱ ወረቀቱ ይላል። ጌሙ የሚታተምበት ዲስክ ዓርብ ይዘጋል። ሌላ ሳቅ ፈልጎ ለመግጠም ቀን የለም። ብሩክ ባዶውን የፊርማ ቦታ ትክ ብሎ አየው።

"ሳቁ ከወጣ፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "ሂ ኢዝ ጀስት... በር ከፍቶ የሚገባ ሰው ነው የሚሆነው።"

"ይግባ ታዲያ።"

ወረቀቱን ቀዶ አልጣለውም፤ አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ለአለቃው ለማሳየት። ምን ይሉህ ይሆን አልኩት። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘኝ። እዚያ አንድ ነገር ለመነኝ። የጌሙ ሰውዬ ስም የነበረበት ቦታ አሁንም ባዶ ነው። ማንም ልብ አይለውም፣ ብሩክ ሊሞላው ይችላል።

"የልብስ ሰፊውን ስም፣ አባባ። የራሱን። እስከ ዓርብ አምጡልኝ።"

እሺ አልኩ። ቀላል መስሎኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10። ጠዋት 2 ሰዓት።

ሁለት ቀን ጭንቅላቴን ስፈትሽ። አልመጣም። የሚሠራው ኮት ገበር ውስጥ የራሱን ስም በቀይ ክር ይሰፋ ነበር። ክሩ ይታየኛል። ፊደሉ አይታየኝም። ኮቱ በሱዳን ስንወጣ ቀርቷል።

ዛሬ ናዝሬት ደወልኩ፣ እህቴ እታገኝ ጋ። ከጣቢያው ሰፈር ወጥታ አታውቅም። እሜቴ ቀስታ! አለችና ሳቀች። ከሆድ ተነሥቶ በፉጨት። የቤታችን ሳቅ። በስልክ ውስጥ ሲመጣ እንዴት ያስፈራል። ስሙን፣ እቴ፣ ስሙን አልኳት። ጎረቤት ጠራች፣ ሌላ ጎረቤት ተጠራ። ሁሉም አስታወሱት። ሁሉም ሳቁ። አንድም ሰው ስሙን አያውቅም። የሞተ ይሁን ያለ፣ እሱንም።

እኔ ሄጄም እዚያ የቀረችው ቀልዴ ናት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11።

ለብሩክ ደወልኩ። የለም አልኩት፣ አጠፋሁት። ኢትስ ኦኬ አባባ አለኝ። ኦኬ አይደለም። ቦታው ላይ "ልብስ ሰፊው" ብሎ ጽፎለታል። ሳቁ ወጥቷል፤ አለቃው ተቆጥቷል፣ ግን ዲስኩ ተዘጋ። ለሚቀጥለው ጌም ይጥሩት አይጥሩት አያውቅም።

ሐይቅ ሄድኩ። ዝይዎቹን አላናገርኳቸውም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29። ገና። ከቀኑ 7 ሰዓት።

ብሩክ ይመጣል። ብቻውን አይደለም። ትናንት ደውሎ ጠየቀኝ፣ ጽጌን ሳይሆን እኔን፤ ሰው ይዤ ልምጣ ወይ አለ። ሰውየው በርበሬ ይችላል ወይ አልኩት። ሌላ ምን ልበል? ሲስቅ ሰማሁት። የእሱ ሳቅ ፉጨት የለውም። አላስተዋልኩም ነበር።

ጠዋት ቤ/ክ በር ላይ መኮንን ያዘኝ። ዛሬ ያችን አካሄድ ታሳየናለህ አለኝ፣ ሰው ሰብስቦ። ጉልበቴን አልኩና አለፍኩ። አሥር እርምጃ ሄድኩ። ተመለስኩ። ጉልበቴ አይደለም፣ የልጅ ልጄ ነው፣ አልኩት፤ ስትስቅበት የከረምከው የልጅ ልጄን ነው፣ ያሳቅሁህም እኔ ነኝ። ሰዎቹ ሰሙ። መኮንን ምሳ ላይ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ወንበሩን አስቀምጫለሁ።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብተሬ። ረጅም ነው፣ ጺሙ ቀይ ነው ብሎኝ ነበር ብሩክ፤ እንግዳውን ገና ሳላየው ሦስት ቅጽል ስም መጣልኝ። ሦስቱም ግሩም ናቸው። መኮንን ቢሰማ መሬት ይወርድ ነበር። አንቺ ላይ እንኳ አልጽፋቸውም። የምጽፈው ሌላ ነው፣ ከጽጌ በተዋስኩት ቀይ ብዕር፣ ለአርባ ዓመት እንዲቆይ፦

ማርከስ።

ማርከስ ይባላል።

መኪና ቆመ። ሁለት በር ተዘጋ። ከዘራዬን እዚሁ ትቼ ልክፈትላቸው።