ስለ ሦስቱ የዓይን ጠብታዎች፣ ለአየር መንገዱ የቅጥር ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የቅጥር ክፍል ኃላፊ፣

ይህ ጽሑፍ በሙሉ ጤንነት፣ በሚመች ወንበርና በማይዛነፍ የምሳ ሰዓት እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ሰዓት ስጠግን የኖርኩ ሽማግሌ ነኝ። ማንበብ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን ለዕቃ መጠቅለያ ከሚመጡ አሮጌ ጋዜጦች ነውና፣ ጉድለት ቢያገኙብኝ እንደ ልማድዎ አመስግነው ያሰናብቱኝ።

ባለፈው ወር የልጄ ልጅ የበረራ አስተናጋጅ ለመሆን ፊትዎ ቀርባ ነበር። ቁመቷን ለክታችሁ፣ በሁለት ቋንቋ አናግራችሁ፣ አረማመዷን አይታችሁ ካሳለፋችኋት በኋላ፣ በበዓል፣ በሌሊትና በድንገተኛ ጥሪ መሥራት ትችል እንደሆነ ጠየቃችኋት። እርሷም መሥራት እንደምትፈልግ፣ ነገር ግን በቀን ሦስት ጊዜ ለአያቷ የዓይን ጠብታ የምታደርግለት እርሷ በመሆኗ፣ የሚተካት ሰው እስክታገኝ ድንገተኛ ጥሪ እንደሚከብዳት መለሰች። ጠያቂዎቿ ሦስታችሁም በአንድ ጊዜ አንገታችሁን ደፍታችሁ ጻፋችሁ። የተመረጡት ስም ሲለጠፍ የእርሷ አልነበረም። ስለዚህ የሚከተሉትን ቅሬታዎች በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥያቄያችሁ አጭርነት ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። የሚተካሽ ሰው በስንት ቀን ይገኛል ብሎ መጨመር አንድ ትንፋሽ ይፈጅ ነበርና፣ ትንፋሻችሁን ስለ ቆጠባችሁ ዕድሜ ይስጣችሁ።

ሁለተኛ፣ ከተመረጡት ሃያ ሦስት ወጣቶች አንዱም የታመመ ወላጅ፣ የሚያለቅስ ልጅ ወይም የሚጦር ዘመድ እንደሌለው ሰምቻለሁ። ከድንጋይ የተፈለፈሉ ሃያ ሦስት ሰዎች በአንድ ከተማ ማግኘት ቀላል አይደለምና እንኳን ደስ ያላችሁ።

ሦስተኛውን ቅሬታ በእርስዎ ላይ ልጽፍ ተቀምጬ ሦስት ቀን ብዕሬ አልሄድ አለኝ። የጥፋቱ ባለቤት ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ልጅቷ ለቃለ መጠይቁ ስትዘጋጅ፣ በማንኛውም ሰዓት ዝግጁ ነኝ የሚል መልስ በወረቀት ጽፋ ነበር። እኔ ከረባት አስሬ፣ ከጠረጴዛው ማዶ እንደ እርስዎ ተኮፍሼ ስጠይቃት ያንን አነበበችልኝ። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት፤ የማትጠብቂውን ቃል አትስጪ አልኳት። አባባ፣ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው ብትለኝ፣ ሁሉም ገደል ቢገባ ትከተያለሽ ወይ ብዬ አፏን አስዘጋኋት። እውነቱን በቃሏ እስክትወጣው ድረስ አስደገምኳት፤ ጎበዝም አልኳት።

እውነት ነበር። እውነት ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። ሐኪሙ እጁ የማይንቀጠቀጥ ማንም ሰው ሊያደርግልኝ እንደሚችል ነግሮኝ ነበር። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋም እኔ አደርግለታለሁ ብላ በአጥር በኩል መልእክት ልካልኝ ነበር። ከእርሷ ጋር ግን በአንድ የጣሪያ አሸንዳ ሰበብ ሰላምታ ካቋረጥን ዘጠኝ ዓመታችን ነውና፣ የባዕድ እጅ ዓይኔን አይነካም ብዬ መለስኳት። ልጅቷን ያሰራት ሕመሜ ሳይሆን ግትርነቴ ነው።

ስሟ ያልወጣ ዕለትም በዘጠኝ ሰዓት መጣች፤ እጇን ታጠበች፤ ራሴን ቀና አደረገች። ጠብታው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳተና በጉንጬ ወረደ። ጠርጋልኝ ይቅርታ አባባ አለችኝ። ያ ቃል የእኔ ዕዳ ነበር፤ እርሷ ከፈለችው።

ሰኞ ዕለት የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኳሁ። ዘጠኝ ዓመት አስበውበት መጡ? አለችኝ፤ የሚገባኝ ነውና ዋጥኩት። ዓይኔ እንደ ባለቤቱ ካልፈለቀቁት እንደማይከፈት በየቀኑ እየነገረችኝ፣ በቀን ሦስት ጊዜ አንዲት ጠብታ ሳትስት ታደርግልኛለች።

ስለዚህ ልጅቷን ያስቀራት ምክንያት መነሣቱን እያስታወቅሁ፣ ያንኑ ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ ደግመው እንዲጠይቋት እለምናለሁ። ይህን ጽሑፍ ከእርስዎ ቀድማ ታነበው ይሆናል። ፊት ለፊት ለመናገር ምላሴ አልታዘዘኝምና እዚሁ ልበለው፦ ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በይኝ።

ከተሰናባቾች ወገን ሆኜ፣ ለወንበርዎ ጽናት ለበርዎ ስፋት እየተመኘሁ፣ ከማይነቃነቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ።

የልጅቷ አያት፣ ሰዓት ጠጋኙ

ማስታወሻ፦ ይህን በጋዜጣ ያወጣሁት ወድጄ አይደለም። በእጄ ላደርስልዎ ሁለት ጊዜ መጥቼ፣ ደብዳቤ ተቀባይዋ ልጇ ስለ ታመመባት እንደ ቀረች፣ የሚተካትም ሰው እንደሌለ ዘበኛው በትሕትና ነግሮ መልሶኛል። በሕንፃዎ ውስጥ ከሰው የተወለደ አንድ ሰው በመኖሩ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። እባክዎን፣ ያንን ጥያቄ ደብዳቤ ተቀባይዋን እንዳይጠይቋት።