የአባዬ ሱፍ ረቡዕ ረቡዕ የት ይውላል

ሰኞ፣ ኦክቶበር 5

ያው ሰኞ። ያው የደብሊን ዝናብ። ያው ሰልፍ፣ ዕቃ ይዞ ገንዘብ በሚያበድረው በታልቦት መያዣ ቤት በር ላይ። የሰፈራችን ሴቶች በሙሉ ጥቅላቸውን በብብታቸው ይዘው… የእኛም በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ የአባዬ ሱፍ ነው። ሰኞ ይገባል፣ ቅዳሜ ይወጣል፣ እሁድ ያስቀድሳል፣ ሰኞ ይመለሳል። ከእኛ ጋር ሳይሆን ታልቦት ጋ ነው የሚኖረው። ታዲያ ኪራይ አይከፍልም እንዳይባል፣ ወለዱን በየሳምንቱ ይከፍላል።

በሩ ላይ «የችግር ቀን ወዳጅ» የሚል አጽፏል። በወርቅ ቀለም። እንዲህ ያለውን ወዳጅ ለጠላቴም አልመኝ።

ሰውዬው ጥቅሉን ፈታ። የሚነካው በሁለት ጣቱ ብቻ ነው፣ የሞተ አይጥ ይመስል። እጅጌውን መስኮቱ ጋ ወስዶ አየው።

«ክርኑ ሳስቷል። ዛሬ ስምንት ሺሊንግ ነው።»

«ሁሌ አስር ነው እኮ የሚሰጡን።»

«ሁሌማ ክርን ነበረው። አባትሽ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በክርኑ እየዳኸ ነው?»

«በጉልበቱ ነው ሚስተር ታልቦት። ለእርስዎ ልብ ይስጥልን እያለ።»

ሰልፉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ስምንት ቆጠረ፣ ከዚያ ላይ አንድ ፔኒ መልሶ ወሰደ… የመስቀያ። ታጥፎ ከተቀመጠ በነጻ ነው፤ እንዳይጨማደድ ይሰቀል ካልን ፔኒ። እማዬ ሁሌ ይሰቀል ነው የምትለው። «አባትሽ ተጨማድዶ እግዜር ፊት አይቀርብም» ትላለች። አባዬ ራሱ የተጨማደደ ነው፣ እሱን ማን ይስቀልልን?

የትምህርት ቤታችን መነኮሳት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ሲያባርሩኝ ማካፈል ላይ አልደረስንም ነበር። መቀነስ ላይ ግን ደርሰናል። ሁለቱ ሺሊንግ የከሰላችን ነበር።

ግን ክርኑ ለምን ሳሳ? በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ተለብሶ? ወደብ ላይ ጆንያ የሚሸከመው በአሮጌ ካፖርቱ ነው…

እሁድ፣ ኦክቶበር 11

ጉድ ፈላ።

ማታ እማዬ ሱፉን ለነገ ስትቦርሽ ከውስጥ ኪሱ መሀረብ አወጣች። ሮዝ። ዳር ዳሩ ዳንቴል። ሽቶው እኔ አልጋ ድረስ መጣ።

«ላሪ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የኔ አይደለም።»

«ያንተ አለመሆኑንማ አያለሁ።»

«ዴሊያ ሙች፣ አላውቀውም።»

«ክርኑም ለዚህ ነው ያለቀው። ቅዳሜ ማታ መጠጥ ቤት ነኝ ትለኛለህ… ሴት አቅፈህ ስትደንስ ነው ያለቀው።»

አባዬ ሲደንስ? አንድ ጊዜ በአክስቴ ሠርግ ላይ ደንሶ ጠረጴዛ ሰብሯል። አሳቀኝ። እማዬ ግን አልሳቀችም። አባዬ ወንበር ላይ አደረ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 14

ቤት ውስጥ ንግግር የለም። ያለው መላላኪያ ነው፣ እሱም እኔ።

«አቲ፣ ለአባትሽ ሾርባው ቀዝቅዟል በዪው።»

አባዬ አጠገቧ ነው የተቀመጠው፣ ክንዳቸው ሊነካካ ምንም አይቀረው። «አባዬ፣ ሾርባው ቀዝቅዟል ተብለሃል።» «አመሰግናለሁ በያት።» «እማዬ፣ ተመስግነሻል።» በየመልእክቱ የፖስታ ቤት ክፍያ ልጠይቅ አስቤ ነበር። የእማዬን ፊት አይቼ ተውኩት።

ሲመሽ ነገረችኝ። ከቅዱሳን ሁሉ በዓል በፊት ታናናሾቼን ይዛ እኅቷ ዘንድ ዌክስፎርድ ልትሄድ ነው። ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አውጥታዋለች። እኔ ሥራ ስላለኝ ከአባዬ ጋር እቀራለሁ።

እና ማን ይስቃል በእኔ ቀልድ? አባዬ ቀልድ የሚገባው በማግስቱ ነው።

እሁድ፣ ኦክቶበር 18

ዛሬ ቦዩ ዳር ወርጄ ቀጋ ለቀምኩ። ቀዩን ፍሬ አይደለም የምፈልገው፣ ውስጡ ያለውን ፀጉር። እሱን አድርቀሽ አንገት ሥር የበተንሽበት ሰው ሲፎክት ይውላል፤ መነኩሲቷ ሲስተር አሎይሲየስ ምስክሬ ናት። ከትምህርት ቤት የወጣሁትም በእሱ ነው።

አሳቤ እንዲህ ነው። የሚደንስ ሰው ያልበዋል። ያላበውን ያሳክከዋል። አባዬ ቅዳሜ ማታ መጠጥ ቤት ተጎልቶ ካመሸ ምንም አይሆንም። ከደነሰ ግን እየፎከተ ይመጣል፣ እኔም እውነቱን አውቃለሁ። ቅዳሜ እስኪመሽ ፋብሪካ ነኝ፣ ስለዚህ ነገ መያዣ ቤት ሳይገባ በፊት እበትናለሁ። አምስት ቀን ተሰቅሎ ይጠብቀው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 19

በተንኩ። አንገቱ ላይ። ወገቡ ላይ። ብብቱ ሥር ደግሞ፣ እማዬ ጥቁር ክር አልቆባት በአረንጓዴ የጠቀመችው ቦታ ላይ፣ በደንብ አድርጌ።

ስምንት ሺሊንግ። አንድ ፔኒ የመስቀያ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 21

ዛሬ እስኪበቃኝ ሳቅሁ። መጀመሪያ ላይ።

ብስኩት ፋብሪካ አብራኝ የምትሠራው ፊሎሚና ዛሬ አገባች። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሥራ በፊት። ሙሽራው የትራም ቲኬት ቆራጭ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ያማረ። ቄሱ ጀመሩ። ሙሽራው አንገቱን ነካ አደረገ። ትንሽ ቆየና ትከሻውን አወዛወዘ። ከዚያ ወገቡን… ቄሱ «ትወስዳታለህን?» ሲሉት አንድ እጁ ጀርባው ውስጥ ነበር፣ እስከ ክርኑ። «አዎን… አዎን… ኧረ አዎን» አለ። ፊሎሚና አንድ እርምጃ ራቅ አለች። ቅማል መስሏት ነው። እናቷ መቁጠሪያዋን ትታ ታየው ጀመር።

እኔ ሻርፔን ነክሼ እንባዬ ይወርዳል። ምስኪን፣ ምን ነካው? እያልኩ። ይሄን ማሳከክ እኮ አውቀዋለሁ፣ ልክ እንደ…

ብብቱን ሊያክ ክንዱን አነሳ።

አረንጓዴ ክር።

ሳቄ ቀጥ አለ። የአባዬ ሱፍ ቆሞ እያገባ ነው።

ሲወጡ ጠጋ አልኩት። «ሱፉ ያምርብሃል። ከየት ገዛኸው?» ግራ ቀኝ አየና ሹክ አለኝ፤ «የኪራይ ነው፣ ለማንም እንዳትነግሪ። ታልቦት በጓሮ በር ያከራያል። አምስት ሺሊንግ ለአንድ ጠዋት።»

አምስት ሺሊንግ። ለእኛ ስምንት ያበድራል፣ በዚያው ሱፍ አምስት ያገኛል፣ ከእኛ ወለድ ይበላል፣ ክርኑን በሰው ክርን ያስጨርሳል፣ ከዚያ ክርኑ አለቀ ብሎ ሁለት ይቀንስብናል። በላዩ ላይ ያቺ የመስቀያ ፔኒ። እማዬ እኮ መስቀያ የመሰላት እንጨት ነው። መስቀያው የሚተነፍስ፣ የሚያገባ፣ ሮዝ መሀረብ የሚቀበል ሰው ነው።

የችግር ቀን ወዳጅ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 22

ለእማዬ ነገርኳት። የቀጋውንም ሳይቀር።

«አባትሽን ለማዳን ነው» አለች።

«እውነቴን ነው እማዬ።»

«ባለፈው ጳጳሱ ደረጃ ላይ ናቸው ብለሽ ሕንጻውን በሙሉ አላሳጠብሽንም?»

አሳጥቤያለሁ። ሦስቱንም ፎቅ። ዕድሜ ልኬን ስቀልድ ኖሬ፣ ዛሬ አንዲት እውነት ይዤ ብመጣ የሚገዛኝ ጠፋ።

በሩ ላይ ሚስስ ጋፍኒ ቆማ ነበር፣ ከታች ቤት። ጨው ልትበደር መጥታ። ሲኒዋን እንደያዘች «ዴሊያ» አለች፣ ቀስ ብላ። «የባሌ ሱሪ በጁን አጠረ። ታች ተቆርጦ ተሰፍቷል። እኔ ባሌ ረዘመ ብዬ ዝም አልኩ።»

«በአምሳ ዓመቱ?»

«ምን ላድርግ፣ ታልቦት ጋ ተሰቅሎ ያጥራል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ፔኒ ከፍዬበት እኮ ነው።»

እማዬ ቁጭ አለች። ሻንጣውን በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችው። ግማሹን ብቻ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 26

ቅዳሜ እማዬ ሱፉን መስኮት ላይ አራግፋው ነበር። ዛሬ ሰውዬው ጥቅሉን ሲፈታ አንድ ጣቱን ቀነሰ።

«ቤታችሁ ቁንጫ አለ?»

«የለም ሚስተር ታልቦት። ምነው፣ ከሰሰዎት እንዴ ሰው?»

«ማን ይከሰኛል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ተሰቅሎ የሚውል ልብስ ቁንጫው ማንን ይነክሳል?»

ጆሮው ቀላ። ስምንት ቆጠረ። ፔኒዋን ግን አልረሳትም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 28

ረቡዕ አይደል? ሠርግ አለ። እማዬና ሚስስ ጋፍኒ ሻላቸውን ተከናንበው ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቆሙ። ሌሎችም ወሬውን ሰምተው መጡ። እኔ ለፋብሪካው ታምሜያለሁ ብያለሁ።

መጀመሪያ የወጣው የሚስስ ጋፍኒ ባል ሱሪ ነው፣ በሙሽራው እግር። ቀጥሎ ሚዜው። የአባዬ ሱፍ፣ ሆዱ ላይ ሊፈነዳ የደረሰ።

እማዬ ወረደች። ልጅየውን ክንዱን ያዘችው፣ ልክ እሁድ ከቅዳሴ ስትመለስ አባዬን እንደምትይዘው።

«ላሪ፣ ወፍረሃል» አለችው።

«እትዬ… ተሳስተዋል መሰለኝ።»

«ክንድህን አንሳልኝ።»

አነሳ። እናት ስታዝ ማን እምቢ ይላል? ብብቱን አየች። አረንጓዴውን ክር በጣቷ ዳበሰችው። ስትሰፋው አጠገቧ ነበርኩ፣ በሻማ ነው የሰፋችው።

«ማን ነዎት እትዬ?» አላት፣ ላብ በላብ ሆኖ።

«የሱፉ ሚስት ነኝ።»

ሮዙን መሀረብ ከጉያዋ አውጥታ ደረት ኪሱ ላይ ሰካችለት። አስተካከለችውም። «ይሄ የእናንተ ነው። እኛ ቤት መሽቶበት ነው ያደረው።»

ከዚያ በሰልፍ ታልቦት ጋ። ሰውዬው መጀመሪያ አላየሁም፣ አልሰማሁም አለ። በኋላ ተረጋጋ። እንዲህ ያሉ ሰዎች እንዴት እንደሚረጋጉ ሳይ ነው የሚገርመኝ።

«ልብስ ካልተናፈሰ ብል ይበላዋል። ለእናንተው ብዬ ነው።»

«ብሉ ሚዜ ነው?» አለች እማዬ።

«የማይመቻችሁ ካለ ሌላ መያዣ ቤት ሞልቷል።»

ሴቶቹ ወደ በሩ ዞሩ። ሁሉም ያውቃል፣ ያኛውም ቤት ያው ነው፣ ያውም የትራም ሒሳብ አለው። ሰኞ ያለ ታልቦት እንዴት ይታለፋል? እሱም ይሄን ያውቃል፣ ለዚህ ነው የሚረጋጋው። ያበደረሽን ሰው ስትሰድቢ እንኳ «እርስዎ» ብለሽ ነው።

እማዬ ግን አልወጣችም። «ከሰኞ ጀምሮ አስር ነው የሚሰጡኝ። ክርኑን የበሉት እርስዎ ነዎት። አለዚያ ረቡዕ ረቡዕ ደረጃው ላይ ነኝ። ባሌን ልቀበል።»

ሚስስ ጋፍኒም፦ «እኔም የባሌን እግር ልቀበል።»

አስር አለ። ጥርሱን ነክሶ። የበላውን ግን ይመልስ የሚል አልነበረም። ይሄ ነው እንግዲህ ፍርድ ተብሎ የተሰጠን… ከዚህ በኋላ የሚቀንስብን ድሮ በነበረው ልክ ነው። ሴቶቹ ደስ ብሏቸው ወጡ። እኔ በሩ ላይ ያለውን የወርቅ ጽሑፍ በጥፍሬ ትንሽ ፋቅሁት።

ማታ አባዬ ሲገባ ሾርባው ቀርቦ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ መልእክተኛ ነኝና። እማዬ ቀደመችኝ።

«ሾርባህ ቀዝቅዟል» አለችው። እሱኑ።

አባዬ ማንኪያውን ይዞ አያት። «መሀረቧስ?»

«ለሚዜው ሰጠሁት።»

«አይ… ለአንቺ አስቀምጬልሽ ነበር» አላት፣ ሊቀልድ ሞክሮ።

በማንኪያ መታችው። ሻንጣው አልጋ ሥር ገብቷል፣ ሙሉውን።

እሁድ፣ ኖቬምበር 1

የቅዱሳን ሁሉ በዓል። ዌክስፎርድ የሄደ የለም። እማዬ ከቅዳሴ መልስ ሱፉን ቦርሻ መርፌ አወጣች። አረንጓዴ ክር። ሁለቱን እጅጌዎች መሀል ለመሀል ሰፍታ ዘጋቻቸው፣ የሱሪውንም እግሮች። ቅዳሜ ትተረትረዋለች። ታች ቤት ስወርድ ሚስስ ጋፍኒም እየሰፋች ነው። ከጎኗም ሌላዋ። ሰፈሩ በሙሉ የባሉን እጅጌ እየሰፋ አመሸ። ሐሳቡ የእኔ ነው ይባልልኝ? አይባልልኝም፣ የማደንቀው ቀልድ የእማዬ ነው።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 2

ያው ሰኞ። ያው ዝናብ። ሰልፉ ግን ዛሬ የሚያወራው ጮክ ብሎ ነው።

ሰውዬው ጥቅሉን ፈታ። በሙሉ እጁ። እጅጌው ውስጥ ጣቱን ሰደደ… መሀል ላይ ቆመ። ሌላኛውንም ሞከረ። ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከኋላዬ ያለውን የጥቅል ሰልፍ አየ። አስር ቆጠረ።

ልማድ ሆኖበት ግን አፉ አላረፈም።

«ይሰቀል?»

«ማን ላይ?» አልኩት።