ለሰው የማይሆን ቤት

የካቲት 9 ቀን 1985

ዛሬም የማዋለጃው ግድግዳ ልስን ረገፈ። ደግነቱ አልጋው ባዶ ነበር። ፈረንጆች መርከብ በባሮ ወንዝ ሽቅብ በሚመጣበት ዘመን የሠሩት የቡና መጋዘን ነው። "ጥንታዊ" ይሉታል! እኛ ደጋ አገር ያለው ደብር መጥተው ጥንታዊ ምን እንደሆነ ባዩ...

ሌላ ቤት እንዲሰጡን ሦስተኛውን ማመልከቻ ጻፍኩ፤ "ይህ ቤት ለሰው አይሆንም" ብዬ። ረዳቴ ሬቤካ ሳቀች።

"ሲስተር የሺ፣ ቤቱ ምን አደረገሽ?"

እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች... ምን ታውቃለች?

የካቲት 14

ከአዲሱ የክልል መስተዳድር አንድ ኃላፊ መጣ። አቶ አሸብር ይባላል። ሜትር ይዞ። ለተኙት እናቶች "እንዴት ዋላችሁ" እንኳ አላለም። ግድግዳውን ግን እንደ በቅሎ መታ መታ አደረገው።

"ይሄ ቅርስ ነው። የክልሉ የእንግዳ ማረፊያ ይሆናል።"

"እናቶቹስ?"

ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። የኔው ጽሑፍ!

"ራስሽ 'ለሰው አይሆንም' ብለሻል።"

"እንግዳ ሰው አይደለም?"

ሳቀብኝ። ክራባት አስሮ፣ በዚህ ሙቀት... ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል።

የካቲት 20

ከጀርባ ወዳለው የቆርቆሮ ክፍል ተዛወርን። ቴርሞሜትሩን ሰቀልኩት። እኩለ ቀን ላይ አርባ ሦስት። መጋዘኑ ውስጥ ሠላሳን እምብዛም አያልፍም ነበር። ያ ሁሉ የግድግዳ ውፍረት ለካ ለዚህ ኖሯል? ሁለት ዓመት ሙሉ ስሳደብ አላስተዋልኩትም።

ኛሉዋክ የምትባል የስምንት ወር ነፍሰ ጡር መጣች። ከበሩ ላይ አየችና በቋንቋዋ የሆነ ነገር ብላ ተመለሰች። ሬቤካን ጠየቅኳት።

"'እዚህ ሰው ነው የምታዋልዱት ወይስ ዳቦ ነው የምትጋግሩት?' አለች።"

የካቲት 26

አንዲትም እናት አልመጣችም። ቤታቸው እየወለዱ ነው። አቶ አሸብር ምንጣፍ እያስነጠፈ ነው።

መጋቢት 2



አቻን የምትባል ወጣት ምጥ ጠንቶባት ጠዋት አመጧት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ በሙቀቱ ራሷን ሳተች። ከሬቤካ ጋር በቃሬዛ ተሸክመን ወደ መጋዘኑ ሮጥን። ዘበኛው ኩዌት በሩ ላይ ቆሟል።

"ሲስተር፣ ቁልፍ አለ። ትእዛዝ የለም።"

"ቁልፉን ስጠኝ፤ ትእዛዙን ስታገኝ ትነግረኛለህ!"

አቻንን ከቃሬዛው ላይ አያት። ከፈተልኝ።

ላስቲኩ ያልተገፈፈ ፍራሽ ላይ አስተኛናት። በቅዝቃዜው ነፍሷ ተመለሰች። አማጠች፣ ወለደች፣ ደማች... ደሙ ቆመ። ሴት ልጅ። ምንጣፉ ግን አለቀለት።

አሥር ሰዓት ላይ አቶ አሸብር የማረፊያውን የመጀመሪያ እንግዶች እየመራ ገባ። ከደጅ ጀምሮ ስለ ቅርስ ያወራል። አይቶን ድርቅ አለ።

"ምንድን ነው ይሄ? ማን ፈቀደልሽ?"

"የፈቀደ የለም።"

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ሸምገል ያለው፣ ባርኔጣውን አወለቀ። "እኛ ሆቴል እናድራለን" ብሎ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። አሸብር ብቻውን ቀረ፤ እኔን ትቶ በሩን ለምን ከፈትክ ብሎ ከኩዌት ጋር ተጣላ።

መጋቢት 5

ማንም ውጡ አላለንም። አልጋዎቹን መለስናቸው። ዛሬ ሦስት እናቶች።

መጋቢት 17

ወደ ኢታንግ ወረዳ ተዛውሬያለሁ። "ለሥራው ቅልጥፍና" ይላል ደብዳቤው። አሸብር ቅልጥፍና ሲል! ፊርማው ብቻ ግማሽ ገጽ ይዟል።

ማዋለጃው ግን እዚያው መጋዘኑ ውስጥ እንዲቀጥል ተወስኗል። ኃላፊዋም ሬቤካ ናት።

ስንሰናበት፣ የወለዱትን በወንዙ በኩል ካለው ግድግዳ አስጠግተሽ አስተኚ፣ ከሰዓት በኋላ እሱ ነው የሚቀዘቅዘው አልኳት። እጄን ይዛ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ አስቀመጠችው። የሚወስደኝ መኪና ሹፌር ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ አላነሳሁትም።