ነጎድጓድን ማለዘብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬም ጮኸብን። አለቃችንን ነጎድጓድ ያልነው በከንቱ አይደለም... መልእክት ሲጽፍ እንኳ ይጮኻል። ለኔ፦ «ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የሠራሽው?» እኔ ለምጄዋለሁ። ዝምታ ግን አልቻለችም። አጠገቤ ነው የምትቀመጠው፤ ስብሰባ ላይ ቃል ስለማይወጣት ነው «ዝምታ» ያልናት። ከመታጠቢያ ቤት ዓይኗ ቀልቶ ወጣች።

«ሥራውን እወደዋለሁ። መልእክቱ ሲመጣ ግን ለመክፈት እፈራለሁ። ልለቅ ነው።»

አንጀቴን በላችው። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። «ፈጣሪ አንደበቱን ያለዝብለት፣ ልጄ» አለች።

ፈጣሪን ለምን አስቸግራለሁ? ፕሮግራም መጻፍ የኔ ሥራ አይደል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሠራሁት። የነጎድጓድ መልእክት የዝምታ ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙ ክፉ ክፉውን ይቀይራል። «ደደብ» ካለ «እህቴ»። «ቆሻሻ ሥራ» ካለ «ትንሽ የሚቀረው ሥራ»። አሳየኋት። «ይሁን» አለች።

ከሰዓት መልእክት መጣላት፦ «እህቴ፣ ይሄ ትንሽ የሚቀረው ሥራ ነው።» አፏን ይዛ ሳቀች። ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉዳል ለካ...

አርብ፣ ጥቅምት 7

እየሠራች ታንጎራጉራለች። ነጎድጓድ ሥራዋን አይቶ «እምም» አለ። ከሱ አፍ «እምም» ሽልማት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ጉድ ፈላ። ትናንት «ዛሬ ካልጨረስሽ ነገ እንዳላይሽ» ብሎ ጽፎላት ኖሯል። የኔ ጉደኛ ፕሮግራም «ሲመችሽ ጨርሺ» አድርጎ አደረሰላት። «ካልጨረስሽ» ያለበትን ሁሉ እንዲህ ቀይር ያልኩት እኔው ነኝ። ዛቻውን አጠፋለሁ ብዬ ቀነ ገደቡንም አብሬ አጠፋሁት!

እሷም ተረጋግታ ቤቷ ገባች። ዛሬ ደንበኞች ፊት እሷ የምትሠራው ድረ ገጽ ሲከፈት ባዶ... ነጎድጓድ ጠረጴዛውን መታ። «ነገ የሥራ መታወቂያሽን አስረክቢ» አላት። እሷ ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። እኔስ? የኔ ጥፋት ነው ሳልል ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ጠዋት ዝምታን ይዤ ቢሮው ገባሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«የኔን መልእክት? ለምን?»

ያኔ ዝምታ... አዎ፣ ዝምታ፣ ስልኳን አውጥታ ፎቶ አንስታ ያስቀመጠቻቸውን የድሮ መልእክቶች አነበበችለት። ሳይለዝቡ። በራሱ ቃል። «ደደብ። አንቺን የቀጠረ ሰው ጤነኛ አይደለም...» ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

«ሥራዬን እወደዋለሁ» አለችው። «እንዲህ እየተባልኩ ግን መሥራት አልችልም።»

መሬት መሬት አየ። እኔን «ያንን ነገር አጥፊው» አለኝ። የመታወቂያውን ነገር አላነሳውም። ስንወጣ እጇን ያዝኩ። እንዴት እንደኮራሁባት...

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ፕሮግራሙን ያኔውኑ አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ለዝምታ መልእክት መጣላት። ወንበሬን ጠጋ አድርጌ አብረን አነበብን።

«ይሄ ሥራ ምንም አልጣመኝም። እስከ ሐሙስ አስተካክዪው፣ እባክሽ።»

«አላጠፋሽውም እንዴ?» አለችኝ።

አጥፍቼዋለሁ። ደግሞም «እባክሽ» የሚል ቃል አስገብቼበት አላውቅም።