ከውኃው የሚነሣው ፀሐይ

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣ ለሚስጥሬ ጓዳ። እንዴት ነሽልኝ? ያ ጉልበትሽ ተሻለሽ? ልጆችሽስ? እኛ ወረታ ላይ ደህና ነን፤ ሩዙም አሽቶ ወፍ ጥበቃ ላይ ነን። እኔማ ደስታውን ብቻዬን አልችለው ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ ላይ ይፋግ ገበያ ወርጄ ነበር። አንድ ጢሙ የሸበተ ሽንኩርት ሻጭ «እማማ፣ ይምጡ፣ ለእርስዎ እመርቃለሁ» አይለኝ መሰለሽ! እኔን! ገና በአርባ ስድስቴ! ቤት ገብቼ መስታወት ባይ፣ እውነትም ፊቴ ጠቁሮ፣ የዓይኔ ጠርዝ ተሸብሽቧል። አለቀስሁ እልሻለሁ። የልጆቼ አባት ካረፈ ወዲህ ፊቴን መች አይቼው አውቃለሁ?

ይህ ፀሐይ ከዚህ በላይ ሳያስረጀኝ አልሁና ተነሣሁ። ጃንጥላ እንዳልይዝ፣ የሩዝ አረም ሁለት እጅ ይፈልጋል። ጎረቤቴ ሸዋዓለም «ቅቤ ቀቢው፤ ቅቤ ምን የማያለሰልሰው አለ?» ብትለኝ ተቀብቼ ማሳ ወረድሁ። አንቺዬ፣ በገዛ ቅቤዬ ተጠበስሁ! ቀጥዬ ከአንበሳሜ ገበያ እንደ እንቅብ የሰፋ የሰሌን ባርኔጣ ገዛሁ። ግንባሬ ዳነ፤ አገጬና ጉንጬ ግን ጭራሽ ከሰለ።

ግራ ገብቶኝ ሳለ ማሳችን የሚዋሰነው በላይነህ፣ ያ ሚስቱ የሞተችበት ዝምተኛው፣ ታውቂዋለሽ፣ ከወሰኑ ላይ ቆሞ «ባርኔጣው የላዩን ነው የሚመልሰው። አንቺን የሚያቃጥልሽ ከውኃው የሚነሣው ነው፤ አጎንብሰሽ አይደል የምትውይ?» አለኝ። እውነቱን ነው! የቆምንበት ውኃ ፀሐዩን እንደ መስታወት ወደ ፊታችን ይመልሰዋል። ይህን ሁሉ ዘመን ሳርም ልብ አላልሁትም። እሱ ግን አገጬ ከግንባሬ መለየቱን በምን አየው?

በማግሥቱ የፀሐይ ቅባት ፍለጋ መድኃኒት ቤት ሄድሁ። ሻጯ ፀደይ የምትባል ቀልጣፋ ልጅ ናት። ሃምሳ የሚል ቁጥር ያለበትን ቅባት ብታነሣ «ልጄ፣ ሃምሳ ገና አልሞላኝም!» ብዬ ተቆጣሁ። በሳቅ ሞተች። ቁጥሩ ለካ ፀሐይ የመከላከል አቅሙ ኖሯል። ላብና ውኃ ቶሎ የማያጥበውን መረጠችልኝ፤ ጠዋት ሳልወጣ ተቀብቼ ቀን ላይም እንድደግመው፣ ባርኔጣውንም እንዳልተው አዘዘችኝ። «ያለፈውን ሁሉ አይመልስልዎትም፣ እትዬ፤ የሚመጣውን ግን ያተርፍልዎታል» አለችኝ። እትዬ ነው ያለችኝ፣ ልብ በይ!

የመጀመሪያ ቀን አብዝቼው አራሚው ሁሉ «ወፍጮ ቤት አድረሽ ነው?» እያለ ሳቀብኝ። አሁን ልኩን አወቅሁት። መጨማደዱ እንዳለ ነው፤ ግን አልባሰም፣ ጥቁረቱም እየለቀቀኝ ነው። ትናንት በላይነህ የወፍ ማባረሪያ ወንጭፉን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣና «እኔስ እስከ መቼ ልቃጠል?» ብሎ መዳፉን ዘረጋ። ጠብ አደረግሁለት። አፍንጫውን ብቻ ተቀብቶ ሲሄድ ሸዋዓለም አይታን እስካሁን አፏን ይዛ ትስቃለች።

በይ እንግዲህ፣ ጥር ላይ ሥራ እንዳታበዢ። ያን ጉልበትሽንም አሳሽተሽ ቆዪ፤ እስክስታው ላይ አልምርሽም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ ስትመጪ ፊቴን አይተሽ ታውቂዋለሽ።

የጣራ ገዳሙ አምላክ ጤናሽን ያጽናልኝ፣ ልጆችሽን ለወግ ያብቃልሽ፣ ለከርሞም ያገናኘን።

አብሮ አደግሽ፣ ከነባርኔጣዋ

ለአንቺም ከቅባቱ አንድ ገዝቼልሻለሁ፤ ሃምሳ ቢልም አትቆጪ።