«የለም» ያልኩበት ቀን

ውድ ወንድሜ ኤምሪስ፣ ናፍቆቴ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ።

ነገሩ የተበላሸው አጎታችን ኢቮር ኮረብታው ላይ የጥንቱን እምነታችን ካህናት፣ የድሩይዶቹን ሥርዓት ሊከፍት «ሰላም አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። የድሩይድነት ትምህርቱን ከጀመርኩ ገና ሦስት ወር ነውና የምሩን የጠየቀ መስሎኝ፣ እማዬን አየሁና «የለም» አልኩ። አንድ ሰው «የለም» ካለ ሥርዓቱ አይጀመርም። ሁሉም ነጭ ቀሚሱን ሰብስቦ ወረደ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ ወግ ነው! ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ!» አለኝ አጎቴ።

እማዬ የባሉጡን ዛፍ ተደግፋ ሳቀች። «ደህና ነኝ» ትላለች። ግን ከስታ ቀበቶዋን ሁለቴ አጥብባለች፤ ኮረብታውንም በእኔ ትከሻ ነው የወጣችው። አጎቴ «ስለ ሕመሟ ለኤምሪስ እንዳትጽፊ፣ ሥራውን ጥሎ ይመጣል» ይላል።

ትምህርቱን ብቻዬን እቀጥላለሁ። ምድርና ሰማይ ይጠብቁህ። ከእንግዲህ ግን ስለ እናታችን «ዝም በይ» መባልን አልቀበልም።

እህትህ ኔስታ