የራሴን ደመወዝ የሚከለክለውን ደብዳቤ ራሴ ስለመጻፌ

ለተከበሩ የድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለደም ግፊትዎ፣ እንዲሁም ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ለሚያንቀጠቅጠው ድምፅዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት በርዎ ላይ የተቀመጥኩት ጸሐፊዎ ነኝ፤ ይህንንም የምጽፈው እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ፣ አንድ ጆሮዬን ለጫማዎ ኮቴ ሰጥቼ ነው። እውነቱን ለመናገር ፈርቻለሁ፤ የሰላምታውን መስመር ብቻ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጽፌዋለሁ።

እንደሚያውቁት፣ መልቀቂያ ያስገባሁት የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ቀን፣ አንድም ቀን ሳላረፍድ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፦

1. ትናንት ጠርተው፣ «መልቀቂያ ያስገባ ሠራተኛ ልቡ ሌላ ቦታ ስለሆነ የማስጠንቀቂያው ወር ደመወዝ አይከፈለውም» የሚል ደብዳቤ ለገዛ ራሴ እንድጽፍ ሲያዙኝ፣ ልቤ የት እንዳለ ስለተጨነቁልኝ አመሰግናለሁ። ልቤ እዚሁ ነው፤ በጠሩኝ ቁጥር ጉሮሮዬ ላይ ይደርሳል።

2. እኔ ሞኟ ደግሞ ከልማድ የተነሣ የፊደል ግድፈትዎን አርሜ፣ የዓመት ፈቃዴ ተቃጥሏል የሚለውን ዓረፍተ ነገር አሳምሬ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ማኅተም መትቼ፣ በማስረከቢያው መዝገብ ላይ ሰጪም ተቀባይም ሆኜ ፈረምኩ። እግዜር ያሳይዎ!

3. እናቴ አንድ ዓይኗ ጠፍቷል። የቀረውን ለማዳን ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ያስያዝኩት በዚሁ ደመወዝ ተማምኜ ሲሆን፣ ሐኪም ቤቱም ክፍያውን አስቀድሞ ይፈልጋል። ስንት ቀን ቀረው እያለች በየጠዋቱ ትጠይቀኛለች። ቀኑን እነግራታለሁ፤ ደብዳቤውን ግን እስካሁን አልነገርኳትም።

4. ይህን ሲያነቡ የሥራ ልምድ ማስረጃዬን መሳቢያዎ ውስጥ ቆልፈው እንደሚያስቀሩብኝ አላጣሁትም። የዘበኛውን ማስረጃ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስቀሩበት፣ ጠዋት ጠዋት መጥቶ ሲለምን፣ የሉም በይው ብለውኝ የሉም ያልኩት እኔ ነኝ። እርስዎን እፈራለሁ። እሱን መንገድ ላይ ማግኘት ግን ከዚያም በላይ ያስፈራኛል።

ኮቴዎ ደረጃው ላይ ስለተሰማኝ፣ ለሰጡኝ የሥራ ዕድልና ላስተማሩኝ የመዝገብ አያያዝ እጅ እየነሣሁ፣ ከዚህ በኋላ ስምንት ቀን ብቻ የምታዘዝዎ ጸሐፊዎ ነኝ።

ማሳሰቢያ፦ ወጪ መዝገብ ላይ የሰፈረ ደብዳቤ አይሠረዝም፣ አይቀደድም የሚለውን መመሪያ ያወጡት ራስዎ ስለሆኑ፣ ይህም ቁጥር ተሰጥቶት፣ ማኅተሙ በጥድፊያ ትንሽ ቢጣመምም፣ ወጪ ሆኗል።

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣
ለሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣
ዘበኛውን ጨምሮ፣ ይህንኑ የመሰለ ደብዳቤ በእኔ እጅ ለተጻፈባቸው አርባ አንድ ሰዎች፣ ለእያንዳንዳቸው ከየደብዳቤያቸው ቅጂና ከይቅርታዬ ጋር።